በፋየርዎሉ ላይ የተረሱ ስሞች

እስራኤል ከዓለም ጋር የምትለዋወጠው ሸቀጥ በክብደት ሲለካ ከሞላ ጎደል ሁሉም በባሕር የሚጓጓዝ ሲሆን፣ ይህን ጭነት ከሚያስተናግዱት ዋና ዋና በሮች አንዱ በ1965 ሥራ የጀመረው የአሽዶድ ወደብ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው)። ከወደቡ ዘጠኝ ዓመት ቀድማ በ1956 የተቆረቆረችው ከተማ ዛሬ ከ220 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ስትሆን፣ ከእነዚህም መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ወደቡም ሆነ የነዳጅ ማጣሪያው፣ በ2017 የተከፈተው የአሱታ ሆስፒታልም ሆነ በኢንዱስትሪ ሰፈሩ ያሉት መጋዘኖች በአሠራራቸው የተለያዩ ቢሆኑም፣ የዕለት ሥራቸው በኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ የቆመ በመሆኑ አንድ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ደግሞ በመግቢያው ላይ ፋየርዎል ይኖራል።

ፋየርዎል አንድን የውስጥ ኔትወርክ ከውጭው ዓለም፣ በተለይም ከኢንተርኔት፣ ለይቶ የሚጠብቅ መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሥራው በሁለቱ መካከል የሚያልፈውን መረጃ እየመረመረ የተፈቀደውን ማሳለፍ፣ ያልተፈቀደውን ማገድ ነው። በወደብ በር ላይ ከቆመ ዘበኛ ጋር ቢነጻጸር ከእውነቱ አይርቅም፤ ዘበኛው ጭነቱን ብቻ አይቶ አያበቃም፣ የሹፌሩን መታወቂያ ይጠይቃል፣ ስሙን ከዝርዝር ላይ ይፈልጋል፣ የገባበትንም ሰዓት ይጽፋል። ስለ ፋየርዎል ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መሣሪያው ጥንካሬና ስለ ዋጋው ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት በድርጅቶች ላይ የደረሱ ከባድ ጥቃቶች በቅርበት ሲመረመሩ፣ በርካቶቹ የተፈጸሙት በዝርዝሩ ላይ ሳይሰረዝ በቀረ ስም በኩል ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ የተጠቃሚዎች አካውንት አያያዝ ከመሣሪያው ምርጫ ያላነሰ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ትኩረት የሚገባው ጉዳይ ነው።

የፋየርዎል ታሪክ ከእስራኤል ጋር የተሳሰረ ነው። በኅዳር 1988 ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የአሜሪካ ተማሪ የለቀቀው ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በወቅቱ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው ከነበሩት ኮምፒውተሮች አሥር በመቶ ያህሉን እንዳሽመደመደ የተገመተ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ መሐንዲሶች ፓኬት የሚባሉትን የመረጃ ቁራጮች በአድራሻቸው እየለየ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሠርተው አስተዋውቀው ነበር። ይህ የመጀመሪያው ማጣሪያ እያንዳንዱን ፓኬት ለብቻው ስለሚያይ ከቀደመው ጋር ያለውን ግንኙነት አያውቅም ነበር። በ1993 ጊል ሽዌድ፣ ማሪየስ ናኽትና ሽሎሞ ክሬመር የተባሉ ሦስት እስራኤላውያን ቼክ ፖይንት የተባለውን ኩባንያ መሥርተው በቀጣዩ ዓመት ፋየርዎል ዋን የሚባለውን ምርት ለገበያ ሲያቀርቡ ያመጡት ለውጥ እዚህ ላይ ነበር፤ መሣሪያው የእያንዳንዱን ግንኙነት አጀማመርና ሂደት በማስታወሻው እየያዘ፣ ከውጭ የመጣው ፓኬት ከውስጥ ለተነሳ ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ቻለ።

ሆኖም አድራሻ ሰው አይደለም። አንድ ሠራተኛ ጠዋት ከቢሮ ኮምፒውተሩ፣ ከሰዓት በኋላ ከእጅ ስልኩ፣ ማታ ደግሞ ከቤቱ ሲሠራ ሦስት የተለያዩ አድራሻዎች ይኖሩታል፤ በተቃራኒው በአንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ያለን አንድ ኮምፒውተር በሦስት ፈረቃ የሚገቡ ነርሶች ይጠቀሙበታል። ፋየርዎል በእርግጥ ሊጠብቅ የሚችለው ከአድራሻው ጀርባ ያለውን ሰው ለይቶ ሲያውቅ በመሆኑ፣ መሣሪያው ከጊዜ በኋላ የተጠቃሚዎች መዝገብ ያዘ። በዚህ መዝገብ ውስጥ በባሕርያቸው የሚለያዩ ሁለት ዓይነት አካውንቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ የአስተዳዳሪዎች አካውንቶች ሲሆኑ፣ የፋየርዎሉን ሕግ የሚጽፉና የሚቀይሩ ባለሙያዎች የሚገቡባቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ በፋየርዎሉ በኩል የሚያልፉ ሠራተኞች አካውንቶች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ዋነኞቹ የቪፒኤን ተጠቃሚዎች ሲሆኑ፣ ቪፒኤን ከቤት ወይም ከሌላ ከተማ ሆኖ የሚሠራ ሰው በኢንተርኔት ላይ በምስጢር በተቆለፈ መስመር ወደ መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ የሚገባበት መንገድ ነው።

አካውንቱ የየትኛውም ዓይነት ቢሆን ፋየርዎሉ በተከታታይ ሦስት ሥራዎችን ይሠራል። በቅድሚያ የመጣው ሰው ነኝ ያለውን መሆኑን ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ያ ሰው ምን እንዲያደርግና ወዴት እንዲደርስ እንደተፈቀደለት ይወስናል፤ በመጨረሻም የተደረገውን ሁሉ ከሰዓቱ ጋር በመዝገብ ላይ ያሰፍራል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለመጀመሪያው ሲጨነቁ ሁለተኛውን በግዴለሽነት፣ ሦስተኛውን ደግሞ ፈጽሞ በመዘንጋት ያልፉታል፤ በዚህም ምክንያት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ የክሬን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮችን ማየት የሚችልበት፣ ጉዳት ሲደርስም ማን መቼ እንደገባ የሚናገር አንድም መስመር የማይገኝበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ማንነትን የማረጋገጫው የቆየ መንገድ የይለፍ ቃል ነው። በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶ የመራው ቡድን ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሠራ፣ የአንዱ ፋይል በሌላው እንዳይነካ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል መስጠት አስፈለገ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ ከተመደበለት በላይ የኮምፒውተር ጊዜ ለማግኘት ፈልጎ የይለፍ ቃሎቹን ፋይል በወረቀት አሳትሞ ወሰደ። ስሕተቱ የይለፍ ቃሎቹ እንደተጻፉ በግልጽ መቀመጣቸው ነበር። ዛሬ በአግባቡ የተሠሩ ሥርዓቶች የይለፍ ቃሉን ራሱን አያስቀምጡም፤ ሀሽ በሚባል ስሌት ወደ ሌላ የፊደልና የቁጥር ድርድር ለውጠው የሚያስቀምጡ ሲሆን፣ ይህ ስሌት ከቃሉ ወደ ድርድሩ እንጂ ከድርድሩ ወደ ቃሉ የሚመለስበት መንገድ የለውም። በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ባሳተሙት ጽሑፍ በእያንዳንዱ ቃል ላይ የዘፈቀደ ጭማሪ እየታከለ ቢሰላ ሌባ አስቀድሞ ባዘጋጀው ሠንጠረዥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊፈታ እንደማይችል አሳዩ። ይህ ሮበርት ሞሪስ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያንን ፕሮግራም የለቀቀው ተማሪ አባት መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ሀሽ ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘለቄታው አያድንም፤ አጭርና የተለመደ የይለፍ ቃል ከሆነ፣ ሀሹን የሰረቀ ሰው በሰከንድ እጅግ ብዙ ግምት እየሞከረ ሊደርስበት ይችላል።

እዚህ ላይ አካውንቱ የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ይሆናል። አንድ አካውንት በፋየርዎሉ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ ሲመዘገብ ሎካል አካውንት ይባላል፤ ለመፍጠር ጥቂት ደቂቃ የሚበቃው በመሆኑ አዲስ መሣሪያ የሚተክል ባለሙያ ለሙከራ፣ ለጥገና ድርጅት ወይም ለቸኮለ ሥራ አስኪያጅ በቀላሉ ይከፍተዋል። ሌላው መንገድ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ማእከላዊ ማውጫ ውስጥ እንዲመዘገቡና ፋየርዎሉ በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ያንን ማውጫ እየጠየቀ እንዲያሳልፍ ማድረግ ነው። በብዙ ድርጅቶች ይህ ማውጫ የማይክሮሶፍት ምርት የሆነው አክቲቭ ዳይሬክቶሪ ሲሆን፣ በፋየርዎሉና በማውጫው መካከል ጥያቄና መልስ ከሚያመላልሱት ስምምነቶች አንዱ በ1991 ሊቪንግስተን በተባለ ኩባንያ የተሠራው ራዲየስ ነው። የማእከላዊው መንገድ ጥቅም የሚታየው ሠራተኛው ሥራ የለቀቀ ዕለት ነው፤ ስሙ ከማውጫው ላይ ሲዘጋ ከኢሜይሉ፣ ከፋይሎቹና ከቪፒኤኑ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ሎካል አካውንት ግን ከዚህ ሰንሰለት ውጭ የቆመ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ለይቶ አስታውሶ ካልሰረዘው ባለቤቱ ከሄደ ከዓመታት በኋላም ሕያው ሆኖ ይኖራል።

ይህ አደጋ በተግባር የታየው በግንቦት 2024 ነበር፤ በዚያ ወር 27 ቀን ቼክ ፖይንት ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አጥቂዎች በይለፍ ቃል ብቻ በተጠበቁ አሮጌ ሎካል አካውንቶች በኩል ወደ ደንበኞቹ ቪፒኤን ለመግባት ሲሞክሩ መታየታቸውን አስታወቀ፤ ደንበኞቹም የማይሠራባቸውን ሎካል አካውንቶች እንዲዘጉ፣ በሚሠራባቸው ላይ ደግሞ ተጨማሪ ማረጋገጫ እንዲጨምሩ መከረ። በማግስቱ የነገሩ ሥር ተገኘ። የርቀት መግቢያ አገልግሎት በተከፈተባቸው መሣሪያዎች ላይ ማንም ሰው ማንነቱን ሳያረጋግጥ የፋየርዎሉን የውስጥ ፋይሎች እንዲያነብ የሚፈቅድ የሶፍትዌር ጉድለት ነበር፤ ኩባንያውም ማስተካከያውን ወዲያው አወጣ። ኔሞኒክ የተባለው የኖርዌይ የደኅንነት ድርጅት እንደገለጸው ጉድለቱ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ጥቅም ላይ ሲውል የነበረ ሲሆን፣ አጥቂዎቹ ከሚያነቧቸው ፋይሎች መካከል የሎካል አካውንቶች የይለፍ ቃል ሀሾች ይገኙ ነበር። ከእነዚህ አንዱን ፈትተው ከገቡ በኋላ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ የአክቲቭ ዳይሬክቶሪውን ዋና ፋይል፣ ማለትም የድርጅቱን ሠራተኞች ሁሉ የሀሽ መዝገብ፣ ይዘው የወጡባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል።

ጉድለቱ የአምራቹ ነበር፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን በዚያው ጉድለት የተነካ አንዱ ድርጅት በጥቂት ጉዳት ሲያልፍ ሌላው የሠራተኞቹን መዝገብ በሙሉ እስከማጣት ሊደርስ የሚችልበት ልዩነት የሚመነጨው ከስም ዝርዝሩ ነው። ሎካል አካውንት በሌለበት ወይም ያለውም ሁለተኛ ማረጋገጫ በሚጠይቅበት ቦታ የተሰረቀው ሀሽ ቢፈታ እንኳ በቀጥታ በር አይከፍትም። ኩባንያው ካወጣቸው ማስተካከያዎች አንዱ በይለፍ ቃል ብቻ የተጠበቁ ሎካል አካውንቶች በቪፒኤን እንዳይገቡ የሚያግድ መሆኑም፣ ደንበኞች በገዛ ፈቃዳቸው ሊያደርጉት ይገባ የነበረውን አምራቹ በመሣሪያው ውስጥ ለመትከል መገደዱን ያሳያል።

ለተረሳ አካውንት እጅግ ከባድ ዋጋ የተከፈለው ግን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ነበር። ለምሥራቁ የአገሪቱ ጠረፍ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሽ ያህሉን የሚያደርሰው የኮሎኒያል ቧንቧ መስመር በግንቦት 2021 ለቀናት ተዘግቶ በብዙ ክፍለ አገሮች የነዳጅ ማደያዎች ደርቀው የነበረ ሲሆን፣ ኩባንያው ለአጥቂዎቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሏል። አጥቂዎቹ የገቡት በሥራ ላይ አይውልም ተብሎ በታሰበ፣ ነገር ግን ባልተዘጋ የቪፒኤን አካውንት ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ቀደም ሲል ከሌላ ቦታ ሾልኮ የወጣ ሲሆን፣ አካውንቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። የኩባንያው ኃላፊ ጆሴፍ ብላውንት በሚቀጥለው ወር በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ይህንኑ አስረድተዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተረሳው ስም በደንበኛው ሳይሆን በፋብሪካው የተጻፈ ነው። በ2020 መጨረሻ ዛይክሰል በተባለው አምራች ፋየርዎሎች ውስጥ የማይለወጥ የይለፍ ቃል ያለው ስውር የአስተዳዳሪ አካውንት የተገኘ ሲሆን፣ ከ100 ሺህ በላይ መሣሪያዎች ለአደጋ ተጋልጠው ነበር። እንዲህ ያለውን ተጠቃሚው በራሱ ሊያየው ስለማይችል፣ ያለው መከላከያ የሶፍትዌር ማሻሻያን ሳይዘገዩ መጫንና የአስተዳዳሪውን መግቢያ ከኢንተርኔት በኩል ጨርሶ ሰውሮ ከውስጥ፣ ከተወሰኑ ኮምፒውተሮች ብቻ እንዲደረስበት ማድረግ ነው።

አሽዶድን በመሰለ የወደብ ከተማ የአካውንት አያያዝ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። የጭነት አስተላላፊ ድርጅቶች፣ የጉምሩክ ወኪሎች፣ መጋዘኖችና የማጓጓዣ ኩባንያዎች ሥራ ሲበዛ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ ከሰው ኃይል አቅራቢ ድርጅቶች የሚመጡት ሠራተኞች ዛሬ እዚህ፣ ከወር በኋላ ሌላ ዘንድ ይገኛሉ፤ ማሽኖቹን የሚጠግነው የውጭ ኩባንያም በርቀት ለመግባት የራሱን አካውንት ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ ጥድፊያ የተነሳ የሚፈጠረው መጥፎ ልማድ የጋራ አካውንት ነው፤ አንድ ፈረቃ በሙሉ በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ይገባል፣ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። በጋራ አካውንት የተፈጸመ ጥፋት ባለቤት የለውም፤ ከዚያም የባሰው፣ ጥርጣሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በደረጃው ዝቅተኛ በሆነው ወይም ቋንቋውን አጥርቶ ባልያዘው ሠራተኛ ላይ መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ አካውንት እንዲሰጠው መጠየቅ ሠራተኛው ራሱን የሚጠብቅበት መብት ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ስም አመዘጋገብ የሚፈጥረው ችግር አለ። ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ ሰዎች ከኢትዮጵያ ይዘውት ከመጡት ስም ጎን ለጎን የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸው ሲሆን፣ የአባት ወይም የአያት ስማቸውም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይኸው ስም ደግሞ በዕብራይስጥም ሆነ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። አካውንት በስም ብቻ በሚከፈትበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት አካውንት ሊኖረው ይችላል፤ ሥራ ሲለቅ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አካውንቱ ከማይለወጥ የሠራተኛ ቁጥር ጋር መታሰር አለበት፣ ስሙም ባለቤቱ በሚጽፈው መንገድ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚባለው፣ ሰው ከሚያውቀው የይለፍ ቃል በተጨማሪ በእጁ የያዘውን ነገር እንዲያሳይ መጠየቅ ሲሆን፣ በጣም የተለመደው በስልክ አጭር መልእክት የሚላክ ኮድ ነው። በአሽዶድ ይህ መንገድ ለሁሉም አይሠራም። በከተማዋ ብዛት ያለው የሃሬዲ፣ ማለትም እጅግ ሃይማኖተኛ የሆነ ማኅበረሰብ የሚኖር ሲሆን፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚይዙት ኮሸር ስልክ አጭር መልእክት አይቀበልም። አጭር መልእክት በሌላ በኩልም ደካማ ነው፤ አጭበርባሪ የስልክ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሲም ካርድ አዙሮ ኮዱን ሊቀበል ይችላል። የተሻለው በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ኮድ የሚያሳይ መተግበሪያ ወይም ስልክ የማይፈልግ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ኮዱ ከሰዓት ጋር የሚሰላ በመሆኑ የፋየርዎሉ ሰዓት ትክክል መሆን እንዳለበት ብዙዎች የሚያስታውሱት ሠራተኞች መግባት ሲያቅታቸው ነው። ከሁሉ የሚጠነክረው በኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ ነው፤ ሐሰተኛ ገጽ የሠራ አጥቂ ኮድን አታልሎ መቀበል ሲችል ከዚህ ቁልፍ ግን የሚጠቅመውን አያገኝም። ስልክ ላይ መጥቶ ፍቀድ ወይም ከልክል የሚለው ጥያቄም የራሱ ድክመት አለው፤ በመስከረም 2022 በኡበር ላይ በደረሰው ጥቃት አጥቂው የአንድን የኮንትራት ሠራተኛ ስልክ በተደጋጋሚ ጥያቄ አሰልችቶ በመጨረሻ ፍቀድ እስኪል ድረስ ገፍቶታል።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥብቅነት ሥራን እንዳያቆም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማእከላዊው ማውጫ ሲበላሽ ፋየርዎሉ ማንንም ማረጋገጥ ስለማይችል፣ ለአደጋ ጊዜ አንድ ሎካል የአስተዳዳሪ አካውንት መኖር አለበት፤ የይለፍ ቃሉ ረጅምና ለዚያ ብቻ የተፈጠረ ሆኖ በታሸገ ፖስታ ውስጥ በካዝና ይቀመጣል፣ በተከፈተ ቁጥርም ይለወጣል፣ አጠቃቀሙም ወዲያው ለኃላፊው እንዲታወቅ ይደረጋል። የይለፍ ቃልን በየሁለት ወሩ ማስቀየር የሚለው የቆየ ልማድ ግን ቢቀር ይመረጣል፤ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ መሰረቁ እስካልታወቀ ድረስ በጊዜ ገደብ ማስቀየር እንደማይገባና ከፊደል ድብልቅ ይልቅ ርዝመት እንደሚሻል ገልጿል፤ በግዳጅ የሚለውጥ ሰው በቃሉ መጨረሻ ያለውን ቁጥር በአንድ ከመጨመር አያልፍምና።

በእስራኤል ይህ ጉዳይ ለመልካም ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። በግንቦት 2018 ሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ደኅንነት ደንብ የሰዎችን የግል መረጃ የያዙ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እንደ ሥራው ድርሻ ብቻ ፈቃድ እንዲሰጡ፣ የፈቃድ ዝርዝሩን ወቅታዊ አድርገው እንዲይዙና ሠራተኛው ሥራውን ሲያበቃ ፈቃዱን እንዲሰርዙ ያዝዛል። የ1995ቱ የኮምፒውተር ሕግም ሆነ በኢትዮጵያ በ2016 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትን ወንጀል ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ሥራ ከለቀቀ በኋላ በቀድሞ አካውንቱ የገባ ሰው በሩ ክፍት ነበር ብሎ አይድንም። ጥቃት የተጠራጠረ ሰው የብሔራዊ ሳይበር ዳይሬክቶሬትን በ119 ደውሎ ማግኘት የሚችል ሲሆን፣ በመጀመሪያ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ማን መቼ ከየት እንደገባ የሚያሳየው የፋየርዎሉ መዝገብ ነው፤ ይህም መዝገብ ከፋየርዎሉ ውጭ በሌላ ሰርቨር ላይ ካልተቀመጠ የገባው ሰው አስቀድሞ ሊያጠፋው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀረው አስቸጋሪው ጥያቄ ዝርዝሩን ማን ያንብበው የሚለው ነው። በአብዛኛው ቦታ ሥራው ለኮምፒውተር ባለሙያው ይሰጣል፤ ባለሙያው ግን የመጋዘኑ ጊዜያዊ ሠራተኛ ባለፈው ሳምንት መሄዱን፣ ወይም ከጥገና ኩባንያው ጋር የነበረው ውል ማብቃቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህን የሚያውቁት የፈረቃው አለቃ፣ የመጋዘኑ ኃላፊና የክፍሉ ዋና ነርስ ናቸው። ስለዚህ ባለሙያው በየሦስት ወሩ ለእያንዳንዱ ኃላፊ በሥሩ ያሉትን አካውንቶች፣ የባለቤቱን ስምና ሥራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገባበትን ቀንና የተፈቀደለትን ቦታ በቀላል ዕብራይስጥ ጽፎ ሊልክለት፣ ኃላፊውም በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ይቀጥል ወይም ይዘጋ ብሎ ሊፈርምበት ይገባል፤ በተወሰነው ቀን መልስ ያልተሰጠበት አካውንት ደግሞ ራሱ እንዲዘጋ ተደርጎ ይደራጃል።